ከንስሐ ልጆቹ የተረፈ ባል

እህቴ ሰብለወንጌል ቀናተኛ ናት። ባሏ ቄስ ጌዴዎን ሌላ ሴት ቀና ብለው የሚያዩ ሰው ሆነው አይደለም። ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ያለው መንደር በሙሉ የንስሐ ልጃቸው ነው፤ እሷ የምትቀናው በመንደሩ ነው። እኔም አልፈርድባትም።

ጦርነቱ በእኛ በኩል ካለፈ ወዲህ ቄሱ ዕረፍት የላቸውም። የሚቀብረውም፣ ተዝካር የሚያወጣውም፣ ልጁ የጠፋበትም ሁሉ የሚመጣው ወደ እሳቸው ነው። ሰዉ ደግሞ ውለታ አያጠፋም። አንዱ ጃንጥላ ያመጣል፣ ሌላው ጋቢ፤ «አባታችን ከሱ፣ አባታችን ደከሙ» ይባላል። ጋቢውን የምታጥበውን ግን «ከሳሽ፣ ደከምሽ» ያላት የለም። ከስታለች እኮ!

«ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆነብኝ» አለችኝ አንድ ቀን። «ሰዉን ሲያጽናኑ ውለው ቤት ሲገቡ ቃል ያልቅባቸዋል።»

ከሁሉ አብልጣ የምትቀናው ግን በየሺሀረግ ነው። የሺሀረግ የጽዋ ማኅበራችን መሪ ናት። ቄሱ ቢያስላቸው ከሚስታቸው ቀድማ የምትሰማ እሷ፣ የሚበላ ይዛ የምትሮጥም እሷ። የሰብለን ሽሮ «ዛሬስ ጨው በዛበት» የሚሉት ሰውዬ የየሺሀረግን ጠርገው ይበላሉ። ይኼ እኔንም ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ ፍልሰታ ሲገባ ቄሱ በየቀኑ ቀዳሽ ሆኑ። ማለዳ ይሄዳሉ፤ ከቅዳሴ ሲወጡ ቀኑ ዘንበል ብሏል፤ ከዚያ ደግሞ የንስሐ ልጆቻቸው ይዘው ያስቀሯቸዋል። የቤታቸው ጤፍ ግን ፍልሰታ አያውቅምና አረም ዋጠው። ሰብለ ብቻዋን ዝናብ እየወረደባት ስታርም ሰንብታ በትኩሳት ወደቀች።

ይኼኔ የመንደሩ ሴት ሁሉ መጣ። የሺሀረግ የተልባ ማሰሮ ይዛ ከፊት ነበረች። የእህቴ ዓይን እንባ አቀረረ፤ እሷን ብሎ ሰው ደጇን ሲረግጥ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። የሺሀረግ ግንባሯን ዳሰሰቻትና፣

«አብሽሪ እታለም! አንቺ አንድ ነገር ብትሆኚ እኮ ቄስ ሌላ አያገቡም፤ መንኩሰው ሐይቅ እስጢፋኖስ መግባታቸው ነው። እኛን ማን ያናዝዘናል?» አለቻት።

«እውነቷን ነው፤ አባታችንን እንዳታሳጪን» አሉ ሌሎቹ።

እህቴ ከነትኩሳቷ ተነስታ ተቀመጠች።

«ለሳቸው ከሆነ ተልባችሁን ይዛችሁ ውጡልኝ! የታመምሁት እኔ ነኝ። ለሳቸው ጃንጥላ አመጣችሁ፣ ጋቢ አመጣችሁ፤ እኔ አረም ውስጥ ተደፍቼ ስውል ግን በአጠገቤ እያለፋችሁ ቅዳሴ ትሄዱ ነበር። አንዳችሁ እንኳ ‹በርቺ› አላችሁኝ?»

እውነት ለመናገር ከሚያልፉት አንዷ እኔ ነበርሁ። የሺሀረግ ተናዳ ትመልስላታለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ማሰሮዋንም ትታው ሄደች።

በማግስቱ ማለዳ እንደ ደቦ ያለ የአረም ጅጌ ሰብስባ ጤፉ ውስጥ ገባች። ማኅበርተኛው ሁሉ ነበር፤ የእስላሙ ጎረቤታችን የሀምዳን ቤተሰብም ሳይቀር ወጣ። እኔም ጎንበስ ብዬ አረምሁ። ቅዳሴው ሲቃረብ ማሳው ጸድቶ ነበር።

ቄሱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ማሳውን አይተው ፊታቸው በራ። በሩ ላይ ቆመው፣

«እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ ምን ያህል ቢወዱኝ ነው!» አሉ።

«አንቱን አይደለም» አለች እህቴ ከተኛችበት። «እኔን ብለው ነው የመጡ።»

ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። ይህቺን አንዲቷን ልታካፍላቸው አልፈለገችም።