ቅቤ የቀደመው ፎቶ

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስታቲስቲክስ ነው፤ ቆቦ ላይ ያገኘሁት ሥራ ግን ፎቶ ቤት ነው። ጉርድ ፎቶ ላይ አልታማም። ሰውየው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል፣ እኔም ዝም ብዬ አነሳዋለሁ፣ ይሄዳል። ሠርግ ሌላ ነው። ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺ መጮህ አለበት፤ «እናንተ ጠጋ በሉ! አንተ ባርኔጣህን አውልቅ!» እኔ ደግሞ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ፣ ሮቢት መውረድ ሲገባኝ ጎብዬ ድረስ የሄድኩ ሰው ነኝ።

ስለዚህ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ከሮቢት ወጣ ብሎ ወዳለ ሠርግ ብቻዬን ሲልከኝ፣ ድፍረት ባይኖረኝ ጥንቃቄ ይኑረኝ ብዬ ዝርዝር ጻፍኩ። ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ሚሞሪ፣ ጃንጥላ፣ ውሃ፣ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ። ምንም አልረሳሁም።

ስደርስ ሙሽራይቱ ጓዳ ውስጥ ነበረች። እጄን ይዛ ጥግ ወሰደችኝ።

«ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ግድ የለኝም» አለችኝ። «ከአባዬ ጋር አንድ ፎቶ ብቻ አንሺኝ። አብረን የተነሳነው አንድም የለንም። ካሜራ አይወድም። መታወቂያው ላይ እንኳ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያለው። ዛሬ ለእኔ ሲል አንዴ እቆማለሁ ብሏል። አንዴ ብቻ።»

«አንዴ ይበቃኛል» አልኳት። ይህን አፍ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ከጓዳው ስወጣ አክስቷ ለጋ ቅቤ የሞላ ሳህን ይዘው በሩን ዘግተውታል። እኛ አገር በሠርግ ቤት የሴት አናት ደርቆ አይታይም፤ ይህን ከልጅነቴ አውቃለሁ። ያላሰብኩት ፎቶ አንሺዋም ሴት መሆኗን ነው።

«ነይ፣ ጎንበስ በይ።»

«እትዬ፣ ሥራ ላይ እኮ ነኝ። ካሜራ ይዣለሁ…»

«ካሜራውን ልቀባው መች አልኩ? አንቺን ነው! አናትሽ እኮ ዝናብ የቀረበት ማሽላ መስሏል!»

ሴቶቹ ሳቁ። ሌላ ሰው ቢሆን እምቢ ይል ነበር፤ እኔ ጎነበስኩ። አንድ እፍኝ ሙሉ አናቴ ላይ አስቀመጡና በመዳፋቸው ጠፍ ጠፍ አደረጉት።

«አሁን ገና ሰው መሰልሽ!»

የራያ ፀሐይ ቅቤ ለማቅለጥ የሰው እርዳታ አይፈልግም። መጀመሪያ በግራ ጆሮዬ በኩል ወረደ። ከዚያ በግንባሬ፣ በቅንድቤ፣ ዓይኔ ውስጥ። ዝንቦች ተጠራርተው መጡ። በእጄ ስጠርገው እጄ ቅቤ ሆነ፤ በእጄ ካሜራውን ስይዘው ካሜራው ቅቤ ሆነ። በመጨረሻ ጨርቄ ትዝ አለኝና ፊቴን እሰይ ብዬ ጠረግኩበት። ትልቅ ብልሃት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ምን እንደማደርግ ሳላስብ፣ በልማድ፣ በዚያው ጨርቅ ሌንሱን ወለወልኩት።

ይህን ስጨርስ ሙሽራይቱ ከጓዳ ወጣች፤ አባቷም ተከትለዋት ወጡ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፤ ራሰ በራ ናቸው። ልጃቸው ጎን እንደ ዘብ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አንዴ ነው» አሉ።

አነሳሁ።

«አለቀ?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ ወደ ዳሱ ሄደው ሽማግሌዎቹ መሃል ተቀመጡ።

ስክሪኑን አየሁት። ጉም ውስጥ የቆሙ ሁለት ጆንያዎች ይታያሉ። ከጆንያዎቹ አንደኛው ሙሽራ መሆኑን የማውቀው እዚያው ስለነበርኩ ነው። ሙሽራይቱ ስክሪኑን አላየችም፤ ፊቴን ብቻ አየችና የታችኛው ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

መጥራት ነበረብኝ። «አባባ» አልኩ፤ የጫጩት ድምፅ ወጣኝ። ደገምኩት፤ ከበሮው ዋጠው። በሦስተኛው ዓይኔን ጨፈንኩና ጮህኩ።

«አባባ! ይመለሱ!»

ከበሮው ቆመ። ዳሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ደግመው ይቁሙልኝ።»

«አንዴ ብያለሁ። ቆምኩ፣ ተነሳሁ፣ አለቀ።»

«እርስዎ አልተነሱም!» አልኩ፣ አሁንም እየጮህኩ። «የተነሳው ቅቤው ነው!»

አንድ ሽማግሌ ከዳሱ ውስጥ፣ «አይ አንተ! ቅቤ ቀደመህ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ሳቁን ማን ያቁመው።

አባትየው ብድግ ብለው መጡ። አናቴን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ካሜራውን አዩ። የራሳቸውን መላጣ ዳሰስ አደረጉ።

«ለካ ለዚህ ቀን ነው ፀጉሬ የሄደው» አሉ። «እዚህ ቤት ቅቤ ያልነካው እኔ ብቻ ነኝ። በይ፣ ጥረጊ።»

የጋቢያቸውን ጫፍ ሰጡኝ። ሌንሱን ጠረግኩት፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው እፍ ይሉልኛል፣ እኔ እንደገና እጠርጋለሁ። ሌንሱ ሲጠራ ተመልሰው ልጃቸው ጎን ቀጥ አሉ። ከንፈራቸውን ገጠሙ። ዓይናቸው ቀስ እያለ መጨፈን ሲጀምር በስክሪኑ ይታየኛል፤ «ዓይንዎን» ልል አፌን ስከፍት አክስቲቱ ሳህናቸውን ይዘው ከኋላ ደረሱ።

«ራሰ በራም ቢሆን አናት አናት ነው!»

ጠፍ!

የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩት።

ሙሽራይቱ ሮጣ መጥታ ስክሪኑ ላይ ተደፋች። አባቷ መላጣቸው ላይ የቅቤ ቆብ ደፍተዋል፤ ከላይ ባለቤት የሌላት እጅ ትታያለች፤ እሷ ራሷ በሳቅ ጎብጣ ቬሏ ወደ አንድ ጎን ሄዷል። «ሌላ ላንሳችሁ?» ለማለት ድፍረት እያሰባሰብኩ ነበር።

«እዪ! እዪ!» አለች ትከሻዬን እየደበደበች። «ዓይኑ እኮ ተከፍቷል!»