የየኔታ ቀለመ ወርቅ የሳይንስ ክፍል

የኔታ ቀለመ ወርቅ የሳይንስ አስተማሪ የሆኑት በጥር 1954 ዓ.ም. ነው። ሳይንስ አያውቁም ነበር፤ እንደማያውቁም ያውቁ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የሆነውን ሁሉ በእሳቸው ጫንቃ ላይ ለመጫን የሚቸኩል ሰው በአገራችን በእስቴ ስለማይጠፋ ነው። ከነዚያ ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ።

ትምህርት ቤቱን የሠራው የመካነ ኢየሱስ ሕዝብ ነው። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ስለነበር፣ ከዚያ በላይ መማር የፈለገ ልጅ ደብረ ታቦር የሚያስጠጋው ዘመድ ያስፈልገው ነበር። ዘመድ የሌለው ወደ ሞፈሩ ይመለሳል። ሕዝቡ ባሕር ዛፍ ቆርጦ፣ ጭቃ ረግጦ ሁለት ክፍል አቆመ፤ አንዱ ለሰባተኛ፣ አንዱ ለስምንተኛ። ፈቃዱ ግን በሙከራ ነበር። በመጀመሪያው የስምንተኛ ክፍል ፈተና ከተማሪዎቹ ከግማሽ በላይ ካለፉ ትምህርት ቤቱ ይጸናል፤ ካላለፉ ይዘጋል። የመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች እኛ ነበርን፤ አሥራ ዘጠኝ።

የኔታ የተቀጠሩት ለአማርኛና ለግብረ ገብ ነው። ዓባይን ተሻግረው ጎጃም ቅኔ ያስመሰከሩ፣ ዜማም የዘለቁ፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበሩ። ዓርብ ዓርብ እያንዳንዳችን ከራሳችን ያወጣነውን አዲስ ግጥም ይዘን መምጣት ነበረብን። አንድ ጊዜ ከአጎቴ የሰማሁትን ሁለት ስንኝ ቀላቅዬ ሳነብ፣ ገና ሳልጨርስ አስቆሙኝ።

«አስናቀ፣ ይህ ያንተ አይደለም።»

በቅኔ ቤት የሰው ቅኔ የደገመ ተማሪ ከሌባ እንደሚቆጠር፣ የራሱን የትናንቱን እንኳ ዛሬ ቢያመጣው እንደሚዋረድ ነገሩኝና እስከ ምሳ ሰዓት ፀሐይ ላይ አቆሙኝ። ያን ቀን ጠላኋቸው። እውነታቸውን እንደሆነ ግን አውቄ ነበር።

ሳይንስ ያስተምረን የነበረው ካሣሁን የሚባል ወጣት መምህር ነው። ለገና እናቱን ሊጠይቅ ወደ ሸዋ ሄደና በዚያው ቀረ። ደብዳቤ ቢጻፍለት መልስ የለም። ምትክ ይሰጠን ተብሎ ቢለመን እሱም የለም ተባለ። ካሣሁን ጥሎልን የሄደው በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ የሳይንስ መጽሐፍና ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ አቶ ንጉሴ ሁለት ሳምንት ሲጨነቁ ሰንብተው መጽሐፉን በብብታቸው ሸጉጠው የኔታ ቤት ሄዱ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

«የኔታ፣ ዳዊትን የሚያህል መጽሐፍ በቃል የሚያስይዙ ሰው ይቺ አታቅትዎትም» አሏቸው።

«ዳዊትን አውቀዋለሁ» አሉ የኔታ። «ይህን አላውቀውም።»

«እርስዎ እምቢ ካሉ ልጆቹ ባዶ ወረቀት ሰጥተው ይወጣሉ። ደጁም ይዘጋል።»

የኔታ እጃቸውን ዘርግተው መጽሐፉን ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ስልከኛው ጸጋዬ ቤት ይሄዱ ጀመር። ጸጋዬ አሥመራ ጥቂት የተማረ ሰው ነው፤ መጽሐፉን ያነብላቸዋል፣ እሳቸው ፊደሉን እንደ ሥዕል አስመስለው በደብተር ይገለብጣሉ፤ ከላዩ ላይ ድምፁን በእኛ ፊደል ይጽፋሉ። ትርጉሙን ሲጠይቁት ጸጋዬ ግማሹን ያውቃል፣ ግማሹን ያልፋል። ጊዜ አልነበረም።

ያስተማሩንም በሚያውቁት መንገድ ነው። ከንጋት ጀምሮ እሳቸው ይመራሉ፣ እኛ እንቀበላለን። ሳንባን በዕዝል ዜማ፣ ልብን በአራራይ። የልቡ ምዕራፍ፣ ልብ ውስጡ ባዶ የሆነ አካል ነው ለማለት፣ «ዘ ኸርት ኢዝ ኤ ሆሎው ኦርጋን» ብሎ ይጀምራል፤ ያን ስናዜም ገበያተኛ አህያውን አቁሞ ይሰማን ነበር። ፊደሉንም አንድ በአንድ እያስቆጠሩ አስያዙን። ለፋሲካ መጽሐፉን በሙሉ፣ አሥራ አራቱን ምዕራፍ፣ ከአፍ እስከ ገደፉ በቃላችን ያዝን። ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው ነው፤ እኛ ግን ወተቷን የጠጣን መስሎን ነበር። ከሁሉ የላቅሁት እኔ ነበርኩ፤ የኔታ ራሳቸው ሲጠፋባቸው ወደ እኔ ይመለከቱ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ጊዜ የለም።

አንዲት ልጅ ብቻ አቃታት፤ የገዛ ልጃቸው አመተ ማርያም። ቃል በጆሮዋ ገብቶ አይሰነብትም። ይገርፏታል፣ ይቆጧታል፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ። በመጨረሻ ከኋላ አስቀመጧት።

«አፍሽን ያዢ። ዜማውን ታበላሺብኛለሽ።»

እሷም ያን የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ይዛ ከኋላ ትቀመጥ ነበር። ለፋሲካ በግ ሲታረድ ልቡን ከድስት በፊት ወስዳ በቢላዋ ሰንጥቃ አየችው፤ እናቷ ልትመታት ደርሳ ነበር። «አስናቀ፣ ውስጡ አራት ጓዳ አለው። በሩ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚከፈተው» አለችኝ በማግስቱ። እኔም ሳቅሁባት። የበግ ልብ ለፈተና አይመጣም አልኳት።

በሰኔ ወር፣ ሁለት ቀን በእግር ተጉዘን፣ ደብረ ታቦር ተፈተንን። የሳይንሱ ጥያቄ በእንግሊዝኛ የተጻፈና ረጅም ነበር፤ እኛ የለየናት ቃል አንዲት ናት፤ ልብ። ይህች ትበቃናለች ብለን አሥራ ስምንታችን የልቡን ምዕራፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወረቀቱ ላይ አፈሰስነው። አመተ ማርያም ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላችም። አሳዘነችኝ።

ውጤቱ በነሐሴ መጣ። አመተ ማርያም አልፋለች። የአሥራ ስምንታችን ወረቀት መልሱ ቃል በቃል አንድ ስለሆነ በኩረጃ ተሰርዟል። ደብዳቤው አንድ ነገር ጨምሮ ነበር። ከመጽሐፉ አንዲት መስመር ዘለናል፤ ሁላችንም የዘለልነው ያቺኑ መስመር ነው። ስልከኛው ጸጋዬ ሲያነብ ዓይኑ የሳታት መስመር መሆኗን ያወቁት የኔታ ብቻ ናቸው።

በማግስቱ እኔን አስከትለው በዝናብ ወደ ደብረ ታቦር ተነሡ። መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ሞልቶ አንድ ቀን ሙሉ ማዶውን እያየን ዋልን። የኔታ በመንገድ ሁሉ የሚሉት አንድ ነገር ነበር። «ሌባ አይደላችሁም። ሲሰሙህ ያምናሉ።»

ወረቀታችንን ያረመው ፈታኝ መነጽር ያደረገ፣ ትሑት ሰው ነበር። የኔታን ወንበር ሰጥቶ አስቀመጣቸው። የኔታም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «ጌታዬ፣ ከየትኛውም ምዕራፍ ያስጀምሩት» አሉት። ሦስት ቦታ አስጀመረኝ፤ ሦስቱንም ተወጣሁ። ሰውዬው መጽሐፉን ዘጋና ወደ የኔታ ዞረ።

«አምኛለሁ አባቴ። አልኮረጁም።»

የኔታ ፈገግ ማለት ጀምረው ነበር። ፈታኙ ግን ወደ እኔ ተመለሰና በአማርኛ ጠየቀኝ።

«ልጄ፣ አሁን ያልከው ምን ማለት ነው? ደሙ ከልብ ወጥቶ ወዴት ይሄዳል?»

የኔታን አየሁ፤ እሳቸውም እኔን አዩኝ። የክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ነበር፤ ዝናቡ ይወቅጠዋል። 

«እህትህ እኮ መልሳዋለች» አለ ፈታኙ፤ አመተ ማርያምን ማለቱ ነው። «እንግሊዝኛዋ ስብርብር ያለ ነው። ግን የራሷ ነው።» ከዚያ ወደ የኔታ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አልሰረቁም አባቴ። አልተማሩምም። ምን ላድርግልዎ?»

ስንመለስ የኔታ እስከ ጉና ተራራ ሥር ከፊቴ ቀድመው ሄዱ። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ፀሐይ ላይ ያቆምኩህ ትዝ ይልሃል?» አሉኝ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ለሁለት ስንኝ ነበር።»

 በንዴት ጥያቸው ወደፊት ሄድኩ።

በመስከረም ደጁ ተዘጋ። እኛ ወደ እርሻችን ተመለስን። አመተ ማርያም ደብረ ታቦር አክስቷ ዘንድ ገባች፤ አገሩም፣ «ለልጁ ፍሬውን፣ ለእኛ ልጆች ገለባውን» ብሎ አማቸው። ይህ ሐሰት ነው። ሐሰት መሆኑን ከማንም በላይ የማውቅ እኔ፣ ገበያ ላይ ሲወራ እየሰማሁ አፌን ዘጋሁ። በበዓል ቅኔ እንዲያሰሙ ቢለመኑ የኔታ እምቢ አሉ።

ከመስቀል በኋላ በየቤታችን ይቅርታ ለመጠየቅ ይዞሩ ጀመር። በአገራችን መሪጌታ ገበሬ ደጅ ቆሞ ይቅር በለኝ ሲል ታይቶ አይታወቅም። አባቶች ደንግጠው «ኧረ የኔታ፣ ይፍቱን እንጂ!» እያሉ እግራቸው ላይ ይወድቁ ነበር። እኛ ቤት ሲመጡ ጓዳ ገብቼ እናቴን የለም እንድትል አደረግኋት። ውሸት ስለማትችል ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። የኔታ እንዳለሁ አውቀው ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስኪመሽ ጠበቁኝ። በጭቃ ግድግዳው ስንጥቅ አያቸው ነበር። ሦስት ጊዜ መጡ። ሦስቱንም ጊዜ አልወጣሁም። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የፈለግሁት የጠፋብኝን የሚመልስልኝ ሰው ነበር እንጂ ይቅርታ የሚጠይቀኝ አልነበረም።

በየካቲት ታመው በአምስት ቀን ሞቱ። ለፍታቱ ሄድኩ። አመተ ማርያም ከደብረ ታቦር መጥታ ነበር፤ ከቀብር በኋላ ጠርታኝ የሳይንሱን ደብተር ሰጠችኝ።

«አባቴ ላንተ ስጡት ብሏል» አለችኝ። 

ቤቴ ገብቼ ገለጥኩት። አሥራ አራቱ ምዕራፍ እንዳለ ነው፤ ድምፁ ከላይ፣ ፊደሉ ከታች፣ የዜማው ምልክት በቀይ። በመጨረሻው ገጽ በእጃቸው የአሥራ ስምንታችንን ስም ጽፈዋል። ይቅር ባላቸው ሰው ስም አጠገብ ሁሉ ትንሽ መስቀል አድርገዋል። አሥራ ሰባት መስቀል ነው።

እስከ ዛሬ ብዙ ጊዜ ብዕር አንሥቼ ከስሜ አጠገብ መስቀሉን ልጨምረው አስቤያለሁ። መጨመር የሚችሉት ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ። ደብተሩን ዘግቼ ሳጥኑ ውስጥ እመልሰዋለሁ።