አባቴ ያጻፋት መስመር

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚኒባስ ስመለስ፣ በተወለድኩባት በግራና በኩል ስናልፍ መስኮቱ ክፍት ከሆነ፣ ውሃ የገባበት የሽንኩርት ማሳ ሽታ ይመጣብኛል። ሌላው ተሳፋሪ ልብ አይለውም፤ እኔን ግን ያ ሽታ ወስዶ አንዲት በጭቃ የተመረገች ክፍል ውስጥ ያቆመኛል። ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን እዚያ የነበርነው አባቴ ሰይድ፣ ከሐራ የመጣው ታናሽ ወንድሙ አጎቴ ይማም፣ ቁርአን ያስቀሩን የነበሩት ሼህ ሙሄ፣ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪያችን መምህርት አስካለ፣ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ በሩ ላይ የቆመችው እናቴ፣ እና እኔ ነበርን። የተሰበሰብነው እኔ ማንበብ መቻሌን ለማየት ነበር። ካልቻልኩ ከአጎቴ ጋር ሐራ ሄጄ ልጆቹን እንድይዝ፣ ትምህርቱም በዚያው እንዲቀር ተወስኖ ነበር።

ትምህርት የጀመርኩት በመስከረም፣ ማሽላው እሸት መያዝ ሲጀምር ነበር። መጽሐፉ ለብዙ ልጅ አንድ ስለነበር መሬት ላይ ዘርግተነው ዙሪያውን እንቀመጥ ነበር፤ የኔ ቦታ በአናቱ በኩል ስለነበር ፊደሉን የማየው ተገልብጦ ነበር። የዚያን ጊዜው መምህራችን አንድ መስመር ያነባሉ፣ እኛ ተከትለን እንጮሃለን። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሼህ ሙሄ ዘንድ ሄደን ሱራ እንሐፍዝ ስለነበር፣ የሰሙትን በቃል መያዝ ለኛ ለልጆቹ ቀላል ነገር ነበር። በቤታችንም በሰፈራችንም በቃሉ የያዘ ልጅ ይመረቅ ነበር እንጂ፣ ፊደሉን ታውቂዋለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። እኔም ሳልሳሳት መጽሐፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለምለው፣ የማነብ ይመስለኝ ነበር።

በበጋው አባቴ ለገበያ ወደ መርሳ ሲወርድ ይወስደኝና ነጋዴዎቹ ፊት ያቆመኝ ነበር። «እስቲ ስሟት፣ መጽሐፉን ሐፍዛዋለች» ይላል። እኔ እጄን አጣምሬ እለዋለሁ፣ እነሱም «ማሻአላህ» ብለው ሸንኮራ ይቆርጡልኝ ነበር። አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ስለዚህ ያ ነገር ለሱ ከሽንኩርቱም ከበሬውም የሚበልጥ ኩራቱ ነበር።

መምህርት አስካለ ከወልድያ ተመድበው የመጡት ሦስተኛ ክፍል ስገባ ነበር። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ገና ወጣት ነበሩ። በመጡ ሰሞን አስነሱኝና «ከመሃል ጀምሪልኝ» አሉኝ። ከላይ ጀመርኩ። «አይ፣ ከዚህ» ብለው ጣታቸውን አንድ ቃል ላይ አሳረፉ። እኔም ወደዚያ ቃል ለመድረስ ብዬ በልቤ ከላይ እየተንደረደርኩ መጣሁና መሃል ላይ ጠፋብኝ። ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው ግን አልተቆጡም፤ ጎንበስ ብለው «ጆሮሽ ጎበዝ ነው ሉባባ፤ ዓይንሽ ግን ገና ሥራ አልጀመረም» አሉኝ። ያን ዕለት ቤት ገብቼ ለማንም አልተናገርኩም።

ኅዳር ላይ፣ የሽንኩርት ችግኝ ከመደብ ወደ ማሳ በሚዛወርበት ወቅት፣ መምህርት አስካለ መጽሐፉን አስቀምጠው ወደ ቦዩ ወሰዱን። ለገበሬው ሁሉ የመስኖ ተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት፣ ማን በምን ሰዓት ውሃ እንደሚያዞር፣ ተራውን የሰረቀ ምን እንደሚደረግ እየሳቀ ነገረን። ክፍል ስንመለስ መምህርቷ የተናገረውን በራሱ አባባል ሰሌዳው ላይ ጻፉት፤ እኛም አነበብነው፣ ገለበጥነው፣ ከዚያ እያንዳንዳችን የራሳችንን አንድ አንድ መስመር ጨመርንበት። ለሳምንታት ከዚያ ነገር አልወጣንም፤ ዛሬ ስለ ችግኙ ካነበብን ነገ ስለ ውሃው፣ ቀጥሎ በተኛ ውሃ ላይ ስለምትራባው የወባ ትንኝ እናነብ፣ እንጽፍ ነበር። ቃሉ ቢያስቸግረኝ ነገሩን ስለማውቀው ቀስ እያልኩ እደርስበት ነበር። ግን ገና ነበርኩ። አንድ መስመር ለመጨረስ ላቤ ጠብ ይል ነበር።

ጥር ላይ መምህርት አስካለ አባቴን ማሳው ድረስ መጥተው አገኙት። እኔ አረም እነቅል ነበር። «አቶ ሰይድ፣ ልጅዎ ማንበብ ገና እየጀመረች ነው። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ትቆይልኝ፣ ላግዛት» አሉት።

አባቴ ዶማውን ተከለው። «መጽሐፉን በቃሏ የያዘችን ልጅ ገና ናት ማለት ምን ማለት ነው? የመርሳ ገበያ ሰው ሁሉ ሰምቷታል እኮ። ውሸታም ልታደርጊኝ ነው?»

በዚያ ሳምንት አጎቴ ይማም ከሐራ መጥቶ ነበርና ነገሩን ሰማ። «ጋሼ፣ ካላነበበች ትምህርት ቤት ምን ትሠራለች?» አለው። «የኔዋ ወልዳ ተኝታለች፣ ልጆቹን የሚይዝ አጥተናል። ለኔ ስጠኝ፣ ጥሩ አድርጌ ነው የምይዛት።» አባቴ ዝም አለ። የአባቴ ዝምታ እሺታ እንደሆነ እናቴም እኔም እናውቅ ነበር። እናቴ አባቴን እንዲለምኑልን ሼህ ሙሄ ቤት ሄደች።

ሼህ ሙሄም መጥተው ደጃፋችን ላይ ቁጭ አሉና «ሰይድ፣ እኛም ዘንድ ቢሆን ከአሊፍ፣ ከመጀመሪያው ፊደል ነው የሚጀመር» አሉት። «ሳታይ አትፍረድ። ልጅቱ ውጭ ትሁን፣ አንተ አንድ ቃል ተናገር፣ መምህርቷ ይጻፉት። ገብታ ካነበበችው አነበበች፤ ካቃታት ያኔ የወደድከውን አድርግ።»

እንዲህ ሆኖ ነው የካቲት ላይ፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ክፍሏ ውስጥ የተገናኘነው። እኔን ከግድግዳው ጀርባ አቆሙኝ። የጠመኔው ድምፅ ይሰማኛል፣ አባቴ የሚለው ግን አይሰማኝም። አጎቴ አንዴ ብቅ ብሎ «ሉባባ፣ ልብስሽን ሸክፈሻል?» አለኝ፤ ሲቀልድ ነው። እናቴ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች በሹክሹክታ።

ጠሩኝ፣ ገባሁ። ሰሌዳው ላይ አንዲት መስመር ነበረች። «ሽንኩርት» አልኩ፤ ይህችን አውቃታለሁ። «ቅጠሉ።» የሚቀጥለው ቃል ክፍል ውስጥ ተጽፎ አይቼው አላውቅም። «ሲ… ያ… ጋ…» ብዬ ቆምኩ። ከዚያ የደረሰ ማሳ ትዝ አለኝ፣ ቅጠሉ መሬት ላይ ተኝቶ። «ሲያጋድል» አልኩ። በዚህ ጊዜ አፌ ቀደመኝ፤ «ውሃ ይከለከላል» ብዬ ጨረስኩት። ግራና ያደገ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃልና፤ ቅጠሉ ካጋደለ ሽንኩርቱ ደርሷል፣ ውሃ አይነካውም።

አጎቴ ጉልበቱን መታ አድርጎ «አለቀ» አለ። አባቴ መሬት መሬት ያያል። መምህርት አስካለ አጠገቤ መጥተው «ወዲያና ወዲህ አትበይ፤ ጣትሽን ከፊደሉ ላይ አታንሺ» አሉኝ ቀስ ብለው።

ጣቴን አሳረፍኩ። ፊደሎቹ እኔ ያልኩትን አይሉም። «ይ… ጨ… መር…» ደገምኩት፤ ያው ነው። እንደተጻፈው ካነበብኩት አባቴ በሽማግሌና በመምህር ፊት የማይሆን ነገር ተናገረ ማለት ሊሆንብኝ ነው፤ በኛ ቤት ደግሞ ልጅ አባቱን አያርምም። ካላነበብኩት ሐራ ነው።

«አባ» አልኩት ዓይኔን ከሰሌዳው ሳላነሳ፣ «‹ውሃ ይጨመርለታል› ነው የሚለው። ግን ልክ አይደለም። ከተጨመረለት ይበሰብሳል።»

ከዚያ አባቴ ቀና አለ። «ልክ አይደለም» አለ። «እኔ ነኝ ሆን ብዬ ያጣመምኩት። በቃሏ የምትል ከሆነ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ትላለች ብዬ ነው።» ሼህ ሙሄ በሳቅ ጢማቸው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ «አንተም እንዲህ ተንኮለኛ ነህ ለካ ሰይድ፣ አላህ ይማርህ» አሉት። አባቴ ወደ ወንድሙ ዞሮ «ይማም፣ ልጅ የሚይዝልህ ሌላ ሰው ፈልግ» አለው፤ ለመምህርቷ ደግሞ «ከሰዓት ትቆይ» አላቸው። እናቴ በሩ ላይ ቁጭ አለች።

እናቴ ታማ ቤት እስክውል ድረስ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማርኩ። ዛሬ የምኖረው ወልድያ ነው፣ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። ያኔ የጎደለን መጽሐፍ ነበር፤ የልጄ መጽሐፍ ግን የራሷ ነው፣ እሷም ቶሎ ቶሎ ትለዋለች። ክፍላቸው በልጅ ስለታጨቀ መምህሯ ማን እንደሚያነብ፣ ማን ሌላውን ተከትሎ እንደሚጮህ የሚለዩበት ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ ማታ ማታ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ ስትፈጥን እፈራለሁ፣ ስትዘገይም እፈራለሁ። ስለ ምን እንደምታነብ ስጠይቃት መልሳ እኔን ትጠይቀኛለች፤ የማላውቀውም ብዙ ነው፤ የምጠይቀው ሰው ባገኝ እላለሁ።

መምህርት አስካለ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ወደ ውርጌሳ ተዛወሩ። ከዚያ በኋላ ደሴ ገቡ ያለኝ ሰው ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ ግን ሰው ሁሉ ሲበታተን ወሬያቸው ጠፋብኝ። ያሉበትን የሚያውቅ ሰው ካለ፣ ደህና መሆናቸውን ይንገረኝ።