ስሜ የተጻፈበት ሳጥን ወደ ምጽዋ

ጎንደር፣ ጎህ ሲቀድ

ፒያሳ ገና አልነቃም። የአያ በላይ የጭነት ማኪና ጢሱን እየተፋ ይንቀጠቀጣል፤ ከላዩ ላይ የኔ ሳጥን ታስሯል። ውስጡ ዶቅዶቄዬ ናት፤ ጣሊያን ሲሸሽ የጣላት፣ እኔ ከዝገት አውጥቼ ነፍስ የዘራሁባት ሞተር ብስክሌት። ከምጽዋ በመርከብ ናፖሊ አሻግራታለሁ። ከዚያ እየጋለብኳት በግሪክ፣ በቱርክ አድርጌ ኢየሩሳሌም እገባለሁ። የከተማው ሰው "አብዷል" ይላል። ይበል። ጣሊያኖቹ ሳይጋበዙ አገራችን ገብተው የለ? እኔ ደግሞ በራሳቸው ብረት አገራቸውን ላቋርጥ ነው።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ የአክስቴ ምርቃት። ያሳደገችኝ እቴቴ ጥሩወርቅ ዳባት ነው ያለችው። ባሏን በዚያ ጦርነት ስላጣች፣ "የገዳይ ብረት ላይ ለሚቀመጥ ምርቃት የለኝም" ብላ ሁለት ጊዜ መልሳኛለች። ያለሷ ምርቃት ግን ባሕር አልሻገርም። በዚህ በኩል ፈሪ ነኝ። ዛሬ እንደገና ልለምናት ነው።

መርከቡ ያለ ሳጥን አይጭንም ስላሉኝ ሳጥኑን አናጢው አያ ታከለ ሠሩልኝ። የጥድ እንጨቱ እንዳይባክን ብለው በመሪው በኩል ሰፊ፣ በኋላ ጎማው በኩል ጠባብ አደረጉት። በሰፊው በኩል ግንባሩ ላይ መስቀል ቀረጹ፤ ከሥሩ ስሜን በቀይ ቀለም ጻፉ። "መንገድህን ሸጋ ያድርገው" አሉኝ። አያ በላይ ደግሞ አቧራ እንዳይገባ ብለው ከላይ ነጭ አቡጀዲ ጣሉበት።

ወለቃ

ሸክላ የሚሸጡት ሴቶች ማኪናውን ሲያዩ ብድግ ብለው አንገታቸውን ደፉ። ትንሽ አለፍ ስንል አንድ ባላገር ከበቅሎው ወርዶ ባርኔጣውን አወለቀ። ለኔ መስሎኝ ከጋቢናው እጄን አነሳሁ።

"አያ በላይ፣ ዝናዬ ቀድሞኛል።"

"እኔ እንጃልህ" አሉኝ።

አምባ ጊዮርጊስ፣ ረፋድ

ማኪናው ፈላ። ሁለታችንም ጣሳ ይዘን ውሃ ፍለጋ ወረድን። ስንመለስ ከጎንደር የመጣ አውቶቡስ ከማኪናችን ጀርባ ቆሟል፤ ሳንደርስበት ተነሳ። በመስኮቱ ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ይዘው አየሁ።

"ምነው? ምን ሆነው ነው?"

"ብርዱ ነዋ" አሉ አያ በላይ። የአምባ ጊዮርጊስ ብርድ እውነትም አጥንት ይሰብራል፤ አመንኳቸው። የገብስ ዳቦ በአዋዜ በልተን መንገዳችንን ቀጠልን።

ዳባት፣ ቀትር

ልቅሶው ከሩቅ ተሰማን። የእቴቴ ደጅ ሰው ሞልቶታል። ማኪናው ሲቆም ጩኸቱ ባሰ፤ ጎረምሶች ሳጥኑን ሊያወርዱ ተንጠላጠሉ።

"ማን ሞቶ ነው?" አልኩ ወርጄ።

አንድ ቄስ አማተቡ። "በስመ አብ! ይህማ ራሱ ነው" አሉ።

ያን ጊዜ ዞሬ ሳጥኑን አየሁት። ከትከሻው ሰፊ፣ ከእግሩ ጠባብ፣ መስቀል፣ ነጭ ጨርቅ፣ ስሜ። ለካ የአውቶቡሱ ሰው ስሜን አንብቦ "ዶቅዶቄው ገደለው" ብሎ መርዶ ነግሮ አልፏል።

እቴቴ ከሰው መሐል ወጣች። ራሷን ተላጭታለች። ያ ጀርባዋ ላይ የሚወርደው ሹሩባ የለም። ፊቴን በሁለት እጇ ዳበሰችኝ፤ ከዚያ በጥፊ አጮለችኝ፤ ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች።

"ፀጉሬን በከንቱ አስላጨኸኝ።"

"እቴቴ፣ እኔ ምን አደረግሁ? አናጢው ነው።"

"ዝም በል።"

ሰዉ እያጉረመረመ ሊበተን ሲል፣ "የት ልትሄዱ? ለልቅሶ የመጣው እህል ለመሸኛው ይሁን" አለች። ለሞቴ የተቀቀለውን ንፍሮ እኔው ዘግኜ በላሁ። ጨው አንሶታል።

በመጨረሻ እቴቴ ሳጥኑን ዞራ ዞራ አየችው።

"ይህ ብረት ባሌን ወሰደ። ዛሬ አንተንም ወሰደ ብለውኝ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ሞት ድርሻውን በልቷል፤ ሁለተኛ አይጠይቀኝም። ሂድና አገራቸው ላይ አንጓጓው፤ ይስሙት።" እንትፍ እንትፍ ብላ መረቀችኝ። "ብቻ ፀጉሬ ለሹሩባ ሳይደርስ ተመለስ።"

ሊማሊሞ

ደባርቅ አድረን ቁልቁለቱን ጀመርን። አንዱ ጎማ ገደሉን እየላሰ ይዞራል።

"ትንሽ እንኳ አትፈራም?" አሉ አያ በላይ መሪውን አንቀው።

"ምን ያስፈራኛል? ተለቅሶልኝ የለ?"

ሳቁና ፍሬኑን ረገጡ። ከዚያ ተከዜን፣ አክሱምን፣ አስመራን አልፈን ወደ ባሕሩ ወረድን።

ምጽዋ

ሙቀቱ ያፍናል። ክሬኑ ሳጥኑን ወደ መርከቡ ሲያነሳው የወደቡ ሠራተኞች ኮፍያቸውን አወለቁ። አንዱ ጠጋ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ።

"እግዜር ያጽናህ። ሟቹ ምንህ ነው?"

"ራሴ ነኝ" አልኩት። "ኮፍያህን አድርግ። ናፖሊ ሄጄ መመለስ አለብኝ፤ የአክስቴ ፀጉር ማደግ ጀምሯል።"