የንጋቱ ሁለተኛ ጠመንጃ

ንጋቱ አንድ ጠመንጃ ብቻ ይዞ ዳክዬ አደን ሄዶ አያውቅም። አንደኛው የሚተኩስበት ነው። ሁለተኛው፣ አንደኛው አልተኩስ ያለ ቀን የሚነሣ ነው፤ አንደኛው ግን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን እምቢ ብሎት አያውቅም። ስለዚህ ሁለተኛው ሾትገን ብርድ በገባ ቁጥር ስልቨር ስፕሪንግ ካለው የንጋቱ ቤት ተጭኖ፣ ቤይ ብሪጅ የሚባለውን ድልድይ ተሻግሮ፣ ረግረጉ ዳር ሸምበቆ ተደግፎ ይውልና ሳይተኮስበት ተወልውሎ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል።

«ዳክዬዎቹ ጦር አሰልፈን እንመጣለን ብለው ጽፈውልሃል እንዴ?» ይለዋል የማደኛውን ቦታ አብሮት የተከራየው ጓደኛው ብሩህ።

«አንተ ያንተን ያዝ» ይለዋል ንጋቱ።

ሰውየው እንዲህ ነው። ስልኩ ሁለት ነው። የመኪናው ቁልፍ ሁለት ነው፣ ሁለቱንም በአንድ ካፖርት በተለያየ ኪስ ይይዛቸዋል። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ባለ ትልቅ አፓርታማ ሕንፃ በጥገና ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል፤ ጣሪያዬ አፈሰሰ ብሎ የደወለለት ተከራይ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያውን ሳይሆን የተከራዩን ፊት ነው። «በራሱ ተሰበረ» የሚል ሰው ለዓመታት ሲሰማ የኖረ ጆሮ ምንም ነገር ማመን ይከብደዋል።

ዳክዬ አይበላም። በእምነቱ ስለማይፈቀድ ያደነው ከቤቱ ደጃፍ አልፎ አያውቅም፤ በቀጥታ ሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖሩ አንዲት ፊሊፒናዊት ባልቴት ይሄዳል። ባለቤቱ የወይንሐረግ ነገሩ አይገባትም።

«የማትበላውን ለምን ትገድላለህ?»

«እሳቸው ይበሉታል።»

እውነተኛውን መልስ ነግሯት አያውቅም። ረግረግ ላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ ከሩቅ ይታያል። ንጋቱ እፎይ ብሎ የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ የለውም።

ዕዝራ ግን ከሩቅ ሳይታይ መጣ። አንድ እሑድ ሰሊና፣ አንዲት ልጁ፣ ይዛው ገባች። የወጥ ቤት ቁም ሳጥን የሚገጥም አናጢ ነው፤ የሚኖረው አሌክሳንድሪያ፣ የሚያመልከው የአማርኛ ወንጌላውያን ጉባኤ ውስጥ፣ እዚያም ጊታር ይመታል። ጫማውን በር ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ። የቀረበለትን በሙሉ በላ። ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር አንዲት ደቂቃ አርፍዶ አያውቅም።

«ሰው እንዴት ሁልጊዜ በሰዓቱ ይደርሳል?» አለ ንጋቱ አንድ ቀን።

«ቢያረፍድስ ምን ልትል ነበር?» አለች የወይንሐረግ።

ዕዝራ በወጉ ሦስት ሽማግሌዎች ላከ። መሪያቸው አቶ ኃይለልዑል የሚባሉ ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ነበሩ። ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለቱንም ጊዜ ንጋቱ «እናስብበት» ብሎ ሸኛቸው። ሦስተኛው ቀጠሮ ለእሑድ ከሰዓት በኋላ ተያዘ። ያን ጊዜ ሰሊና አባቷን ወጥ ቤት ውስጥ ለብቻው አገኘችው።

«አባዬ፣ ፐርሚሽን እየጠየቅኩህ አይደለም። ሽማግሌ የላከው እሱ ነው፣ ሪስፔክት ስላለው። እምቢ ብትልም ማግባቴ አይቀርም። ከሠርጉ የምትቀረው አንተ ነህ።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። ሰሊና እንዲህ ለስለስ ብላ የተናገረችውን ነገር ከሕፃንነቷ ጀምሮ አንድም ጊዜ ሳታደርገው ቀርታ አታውቅም።

እናም ንጋቱ ዕዝራን ከቀጠሮው በፊት ባለው ቅዳሜ አደን ሊወስደው ወሰነ። ነገሩን ከወር በፊት አንሥቶለት ነበር። ያኔ «ሞክሬ አላውቅም ጋሼ፣ ግን እማራለሁ» ያለው ዕዝራ በሦስት ሳምንት ውስጥ የአዳኞችን ትምህርት ጨርሶ፣ ፈቃድ አውጥቶ፣ ዳክዬ አዳኝ ሁሉ የሚገዛውን ቴምብር ገዝቶ ነበር። ይህም ንጋቱን አላስደሰተውም። ምን አስቸኮለው?

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ንጋቱ ጋራዥ ገብቶ ሁለተኛውን ጠመንጃ ፈታ። የሾትገን ጥይት የሚደረደርበት ከአፈሙዙ በታች ያለው ቱቦ ነው። ዳክዬ የሚያድን ሰው ጠመንጃው ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይዝ ሕጉ ያዛል፤ ለዚህም ቱቦው ውስጥ ፕለግ የሚሉት ዘንግ ይገባል። ንጋቱ ዘንጉን አውጥቶ ካፖርቱ ኪስ ከተተው። ልጁ ሳያይ አራተኛ ጥይት ካስገባ ዝርክርክ ነው። አይቶ ዝም ብሎ ከተኮሰ አጭበርባሪ ነው። በሁለቱም በኩል ለሽማግሌዎቹ የሚነገር ምክንያት ይገኛል።

ልጁ በሰዓቱ መጣ። መንገድ ላይ ከቦርሳው ሳንድዊች አወጣ።

«የጾም ነው ጋሼ፣ ውስጡ ያለው ሁመስ ነው፣ የተፈጨ ሽምብራ።»

ወቅቱ የነቢያት ጾም ነበር። ንጋቱ ሳንድዊቹን ተቀብሎ ገልጦ አየው። አንድ ጴንጤ ጾም መሆኑን ማን ነገረው?

ረግረጉ ጋ የደረሱት እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነበር። ከሸምበቆ በተሠራችው መደበቂያ ውስጥ ንጋቱ ሁለተኛውን ጠመንጃ ባዶውን ለልጁ ሰጠው፤ ከእሱ ሌላ ሰው ሲይዘው የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ውሃ ውስጥ የሚገባበትን፣ እስከ ደረት የሚደርሰውን ጎማ ሱሪ ሲለብስ የኪሱ ዕቃ ተዘርግፎ ወደቀ፤ ጥይት፣ ቁልፍ፣ ስልክ፣ ያ ዘንግም። አፈፍ አድርጎ መለሰው። ቀና ሲል ዕዝራ ወደ ውሃው እያየ ነበር።

ማታለያ የሚሆኑትን የፕላስቲክ ዳክዬዎች ሊያንሳፍፍ ውሃው ውስጥ ገባ። ግማሽ መንገድ ሄዶ ዞር ሲል የልጁ ጀርባ ብቻ ታየው። አጎንብሷል፤ ክርኖቹ ይንቀሳቀሳሉ። ጥቂት ቆይቶ ሲያይ ደግሞ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጓል።

«ለማን ነው የምትደውለው?» አለ ከውሃው ውስጥ።

«ሰሊና ናት ጋሼ። ሰላም ትላለች።»

ከውሃው ወጥቶ አንድ እፍኝ ጥይት ሰጠው። ልጁ አንድ አስገባ። ሁለት። ሦስት። የተረፈውን ኪሱ ከተተው። ይህ ሰው አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ? ንጋቱ የዕዝራን ፊት እንደ ተከራይ ፊት መረመረው። ከብርድ በቀር የሚነበብ ነገር አልነበረበትም። ብዙም ሳይቆይ አራት ዳክዬዎች ዝቅ ብለው መጡ፤ ንጋቱ አንዱን ጣለ፣ ልጁ ሁለት ጊዜ ተኩሶ ሰማዩን መታ።

የሞተር ድምፅ የተሰማው ያን ጊዜ ነው። አንዲት ጀልባ ከወንዙ መታጠፊያ ብቅ አለች፤ ላይዋ ላይ የአደን ተቆጣጣሪ የሆነች ወጣት ሴት ቆማለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እዚህ ቦታ ተቆጣጣሪ የመጣበት ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ዛሬ ሦስተኛው ሆነ። ንጋቱ ስልኩን አስታወሰ። ሰላም ትላለች ነው ያለው?

ሴትዮዋ ሰላምታ ሰጥታ ፈቃዳቸውን አየች። የንጋቱን ጠመንጃ ተቀብላ ጥይት እያስገባች ሞከረችና መለሰችለት። ከዚያ እጇን ወደ ዕዝራ ዘረጋች።

ኪሱ ውስጥ ያለው ዘንግ የዛፍ ግንድ የሚያህል መሰለው። ገና አሁን ነበር የገባው፤ ጠመንጃው በዕዝራ እጅ ነው፤ ቅጣቱም የሚጻፈው በዕዝራ ስም ነው። ማታ ሰሊና ትሰማለች። የማን ጠመንጃ እንደሆነም ታውቃለች። ዘንጉን ማን እንዳወጣው ለመገመት ደግሞ የአባቷ ልጅ መሆኗ ይበቃታል። «የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ፤ እንግሊዝኛውም አማርኛውም ጠፋው።

ሴትዮዋ ጠመንጃውን ባዶ አድርጋ፣ አንድ ጥይት ከላይ አስገብታ ዘጋችው። ወደ ቱቦው አንድ ገፋች። ሁለተኛ ገፋች። ቀጣዩን ስትገፋ አልገባም አለ። ደግማ ገፋችው፤ አልገባም።

«ደህና ነው» አለች። «መልካም ቀን።»

ጀልባዋ ሄደች። ንጋቱ ኪሱን ዳሰሰ፤ ዘንጉ እዚያው አለ። ዕዝራ ቴርሞሱን ከፍቶ ሻይ እየቀዳለት ነበር። እስከ ስልቨር ስፕሪንግ ድረስ ስለ ትራፊክ ካልሆነ በቀር አልተነጋገሩም።

ጋራዥ ውስጥ ብቻውን ሆኖ ጠመንጃውን ፈታ። ጥይቱን ከሚገፋው የቱቦው ጥቅል ሽቦ መሃል ቢጫ እርሳስ ወጣ፤ በቢላ በልክ ተቆርጧል፣ ጫፉ ላይ የጥርስ ምልክት አለው። አናጢዎች ሲያስቡ የሚነክሱት ዓይነት። ንጋቱ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። ልጁ ዝም ያለው ለምንድን ነው? ነገ በሽማግሌዎቹ ፊት ሊያወጣው ነው? ወይስ ዕድሜ ልኩን ሊይዝበት?

እራት ላይ ሰሊናን በዘዴ ጠየቃት።

«ስለ ዛሬ ምን አለሽ?»

«ብርድ ነበር አለኝ።»

«ሌላስ?»

«ብርድ ነበር።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መኪና ውስጥ ሆኖ ደወለለት።

«እርሳስህን አገኘሁት።»

ከወዲያ በኩል ጊታር የሚቃኝ ሰው ይሰማል። «ይቅርታ ጋሼ፣ ሌላ የሚሆን እንጨት አጣሁ።»

ረስቼው ነው ለማለት መንገዱ ክፍት ነበር። 

«ረስቼው አይደለም። ሆን ብዬ ነው ያወጣሁት።»

«አውቃለሁ። ከኪስዎ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ክፍል ውስጥ አሳይተውን ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? ‹ጋሼ፣ ወጥመድዎ ወድቆብዎታል› ልበል?»

ንጋቱ ሳቁ አመለጠውና በሳል ሸፈነው።

«እርሳሱን ከከተትኩ በኋላ ለሰሊና ደውዬ ስነግራት፣ ዝም በል አለችኝ። መንዳት ሲያስተምሯት የመጠባበቂያውን ጎማ አየር አስተንፍሰው ነው አሉ መኪናውን የሰጧት።»

«አይታው ነበር እኮ» አለ ንጋቱ። «ሳትነሣ ነው ያየችው።»

«እውነቱን ልንገርዎት?» አለ ዕዝራ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተቆጣጣሪዋን የጠሯት እርስዎ መስለውኝ ነበር። ስልክዎ ሁለት ነው፤ በአንዱ ውሃ ውስጥ ሆነው ደውለው ይሆናል ብዬ።»

«እኔ? እኔ እኮ አንተ የጠራሃት መስሎኝ ነው የሞትኩት።»

 መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አይታወቅም።

«ጠርጣራ ነህ ለካ» አለ ንጋቱ።

«ትንሽ።»

«ትንሽ አይበቃም።»

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። አቶ ኃይለልዑል ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ደጅ መጥናታቸውን፣ ጉልበታቸውም እንደ ድሮው አለመሆኑን ተናገሩ። ንጋቱ አጥርቶ፣ ፈትሾ መጨረሱን ገለጸ።

«ልጄን ሰጥቻለሁ» አለ።

ማንም እልል አላለም፤ ሁሉም ‹ግን› የሚለውን ቃል እየጠበቀ ነበር። የወይንሐረግ በሩ ላይ ሳሕን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

«ግን» አለ ንጋቱ፣ «የራሱን ጎማ ሱሪ ይግዛ።»

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ፤ ንጋቱም አልቀረም። ብርድ ተመልሶ ሲገባ ብሩህ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ቆጠረና ራሱን ያዘ። ጠመንጃው ሦስት ሆኗል።

«አንዱ ያንተ፣ አንዱ የልጁ። ሦስተኛውስ?»

«ሁለቱም እምቢ ቢሉስ?» አለ ንጋቱ።

መደበቂያዋ ውስጥ ዕዝራ ያንኑ ሁለተኛ ጠመንጃ ተቀበለ፤ አመሰግናለሁ አለና ጥይት ሳያስገባ በፊት ቱቦውን ፈትቶ ውስጡን አየ። እርሳሱ እዚያው ነበር። ንጋቱ የሚያየው እንዳይመስል ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ።