ቤቴን አላስበሳም

የእህቴን ባል መሥሪያ ቤቱም ሰፈሩም «አይሸፍንም» ይለዋል። ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ የካሳ ክፍል ሠራተኛ ነው። ሰው መኪናው ተጨፍልቆ፣ ፊቱ ጠቁሮ ጠረጴዛው ፊት ሲቆም መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ እስከ መጨረሻው ያዳምጠዋል። ማዳመጡን አልክድም። ከዚያ ያቺን አንድ ቃል ይላትና ወደ ሻዩ ይመለሳል።

ራት ላይ ደጋግሞ የሚያወራልን ታሪክ አለው። አንድ ጡረተኛ የራሳቸውን የግቢ በር በራሳቸው መኪና ደርምሰው ካሳ ሊጠይቁ መጡ። «አባቴ፣ ሦስተኛ ወገን ማለት ሌላ ሰው ነው። የራስዎን በር ገጭተው ማንን ሊክሱ ነው?» ብሎ እንዴት እንደሸኛቸው ይነግረንና ብቻውን ይስቃል። እግረ መንገዱንም ደንቡን ያስተምረናል፤ ሚስትና ልጅ እንደ ራስ ይቆጠራሉ፣ አማት ግን ሌላ ሰው ናት። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው አማት ነበረችው ማለት ነው። እናቴ አንድ ቀን ታሪኩን ሰምታ ስትጨርስ፣ «ሰውየው ታዲያ በሩን በምን አሠሩት?» አለችው። እሱን አላወቀም።

ቤቱ የእናቴ ነው። አይሸፍንም እህቴን ሲያገባ «ለጥቂት ወር» ተብሎ ሁለት ሻንጣ ይዞ ገባ፤ ወሩ ዓመት ወለደ። መጀመሪያ «እዚህ ቤት» ይል ነበር፣ ቀጥሎ «ቤታችን» አለ፣ የግቢውን በር አንዴ ቀለም ከቀባ በኋላ ደግሞ «ቤቴ» ሆነ። እኔ ደሜ ሲፈላ እናቴ፣ «ተወው፣ በአፉ ነው እንጂ ተሸክሞት አይሄድ» ትለኛለች።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ክፍሏ በግቢው በኩል ያለው ጨለማ ክፍል ነው፤ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ደጅ ትወጣለች። እኔ በያጅ ስለሆንኩ አንድ ሰሞን የመስኮት ፍሬም ሠርቼላት መጣሁ። አይሸፍንም በረንዳው ላይ ቆሞ፣ «ቤቴን አላስበሳም። ግድግዳ ከተበሳ ቤት ይዳከማል» አለ። እህቴ በባሏና በእናቷ መሃል ተጣብቃ ቀረች። እናቴ መርፌና ክሯን ይዛ ደጅ ወጣች። ፍሬሙ ጓሮ ተጥሎ ዛገ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የተባለው ለዚህ ነው።

አንድ ቅዳሜ አለቃውን ይዞ መጣ። አለቃው ቀጠን ያለች፣ ቃል የምትቆጥብ ሴትዮ ናት። እኔ ግቢ ውስጥ ነበርኩ፤ የመኪናው መስኮት ክፍት ስለሆነ ድምፁ ከሱ ቀድሞ ገባ። «ይኸውልሽ ቤቴ። ላዩ ላይ አንድ ፎቅ እጨምርበታለሁ» ይላታል። መኪናውን ወደ ኋላ እየመለሰ፣ አንድ እጁን በመስኮት አውጥቶ ጣሪያውን ያሳያታል። «ላስቁምህ?» ስለው፣ «እኔ የሰው ግጭት ሳይ ያረጀሁ ሰው ነኝ!» አለኝ። ይህን ብሎ ሳይጨርስ እግሩ ፍሬኑን ስቶ ነዳጁ ላይ አረፈ። መኪናው የእናቴን ግድግዳ ይዞ ገባ።

አቧራው ሲረጋ እናቴ ክሯን እንደያዘች ከኔ ጎን ቆማለች። መርፌ ልታጎርስ ደጅ ወጥታ ነበር። የምትሰፋበት ወንበር ብሎኬት ስር ነው። አይሸፍንም ከመኪናው ወርዶ ግራ ቀኙን አየና የመጀመሪያ ንግግሩን አደረገ።

«አያችሁ? መስኮት ቢኖራቸው ኖሮ ውስጥ ነበሩ።»

ሴትዮዋ በእግሯ ሄደች።

ለሰው ሁሉ ሙሉ ሽፋን ግዙ እያለ የሚሰብከው ሰው ለራሱ መኪና ያለው ሦስተኛ ወገን ብቻ ነበር። ያም ቢሆን ለግድግዳው ይበቃ ነበር። ሄዶ ለአለቃው «ቤቱ የአማቴ ነው» ማለት ብቻ ነው። ግን እንዴት አድርጎ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቀዳዳው ላይ ላስቲክ ወጠረና «በራሴ አሠራዋለሁ፣ ደመወዝ ይምጣ» አለ። ደመወዙ መጣ፤ የመኪናው መብራት ተቀየረበት።

እናቴ ሳሎን ሶፋ ላይ እያደረች ማሳል ጀመረች። ያን ሰሞን ጠላሁት፤ አላለሳልሰውም፣ ጠላሁት። «አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት እኮ» ስለው፣ «አንተ የቢሮ ነገር አይገባህም» ይለኛል። ነገሩን የፈታችው እህቴ ናት። አንድ ቀን ሳትቆጣ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ የእናቴን ብርድ ልብስ ወደ መኝታ ቤታቸው ወሰደች፣ የባሏን ትራስ ደግሞ ላስቲኩ ያለበት ክፍል ፍራሽ ላይ አስቀመጠች። «ቤትህ አይደል፣ የፈለግክበት ተኛ» አለችው። ነፋሱ ከኔ ይልቅ ነገር ማስረዳት ይችል ኖሯል። በማግስቱ አለቃውን ይዞ መጣ።

ሴትዮዋ ላስቲኩን ገልጣ ቀዳዳውን አየች። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታችን አንገት ብቅ አለ።

«ቤቴ ነው ብለኸኝ ነበር። የራስህ ከሆነ መልሱን ከኔ በላይ ታውቀዋለህ» አለችው።

«ማለቴ... የቤተሰብ...»

«የማን?»

እናቴን አያት፤ እንድትናገርለት ነው። እናቴ ክሯን በጥርሷ ቆረጠች። «እኔን አትየኝ ልጄ። ሲጠይቁህ መልስ።»

«የሳቸው ነው።»

«ሙሉውን በል፣ ቃልህን እየተቀበልኩ ነው።»

«ቤቱ የአማቴ ነው። እኔ አብሬያቸው ነው የምኖረው።»

«ፎቁስ?» አለች ሴትዮዋ። መልሱን ሳትጠብቅ ወደ እናቴ ዞራ፣ «እማማ፣ ይሸፍናል» አለቻት። ያ ቃል እኛ ቤት ሲነገር የመጀመሪያው ነው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ግንበኛው ሲመጣ እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ጥያቄውን ይዞ የሄደው ወደ አይሸፍንም ነው። «ጋሼ፣ ድፍን ላድርገው?» አለው። አይሸፍንም በአገጩ ወደ እናቴ ጠቆመ። «እሳቸውን ጠይቅ» አለ። እናቴ ግንበኛውን አላየችውም፤ እኔን ነው ያየችኝ። «ያንን ፍሬም ከጓሮ አምጣው» አለችኝ። ዝገቱን ፍቄ፣ ቀለም ቀብቼ አመጣሁላት።

አሁን መስኮቷ ስር ተቀምጣ ትሰፋለች። አይሸፍንም መኪናውን ሲያስገባ አንድ እጇን በመስኮት ታወጣለች፤ «ና፣ ና፣ ቁም» ትለዋለች፣ ይቆማል። ባለፈው አንድ የሥራ ባልደረባውን ይዞ መጥቶ፣ «ይሄ ቤ...» ሲል መስኮቱን አየና፣ «ይሄ የአማቴ ቤት ነው» አለ። እኔ ጀርባዬን አዙሬ ሳቅኩ። እናቴ አልሳቀችም። እንግዳው ከገባ በኋላ ክሩን ወደ ብርሃኑ አቅንታ በአንድ ጊዜ መርፌው ላይ አስገባችውና፣

«ቤቴ ቢልም አይከፋኝም ነበር» አለች። «ብርሃኔን ባይከለክለኝ ኖሮ።»