ውሃ ይዤ ወጣሁ፣ አልጠጣም አሉኝ

ስለ ጋሽ ወርቁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ... ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የኩላሊት ጠጠሩ ወጥቶላቸው ከሆስፒታል ከተመለሱ ሳምንታቸው ነው። ልጃቸው ሄለን ሩቅ ከተማ፣ ካልጋሪ ስለሆነች በቀን ሦስቴ እኔን ኮል ታደርጋለች። «አልሚ፣ ውሃ ጠጡ?» ነው ሁልጊዜ ጥያቄዋ። ሐኪሙ ውሃ ካልጠጡ ተመልሰው ይመጣሉ ብሏላ!

ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር አንድ ሕንፃ ላይ ነን። እኔ አራተኛ ፎቅ፣ እሳቸው አሥራ ሁለተኛ። ሕንፃው አሥራ አምስት ፎቅ ነው። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ... ጉልበቴም ይዟታል።

ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ወጣሁ። መጦሪያ ቤት አዛውንት ሳገላብጥ አድሬ ወገቤ አልታዘዝ ብሎኛል። አይቻቸው ልተኛ ብዬ ቤታቸው ስገባ፣ ወዳጃቸው አቶ ግርማ ሊጠይቃቸው መጥቶ ሶፋው ላይ ዓባይን እያከፋፈለ ነው። ግድቡ፣ መብራቱ፣ ድርድሩ፣ የታችኞቹ አገሮች... አንድ ሰዓት ሙሉ!

«ውሃ ከላይ ከተነሳ ባለቤቱ ላይ ያለው ነው! አለቀ!» እያለ ጠረጴዛውን ይመታል።

እዚህ ላይ እያለን መብራት ድርግም አለ።

ምድር ቤት ያለው ኤሌክትሪክ ተበላሽቶ ነው አሉ። ኤሌቬተሩ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ውሃውም ቆመ። ለካ ውሃውን ሽቅብ የሚገፋው ፓምፕ በመብራት ነው የሚሠራው! እስከ አምስተኛ ፎቅ ድረስ የከተማው ውሃ በራሱ ጉልበት ይወጣል፣ ከዚያ በላይ ያለው ግን ደረቅ ነው። ሃያ ዓመት ስኖር አላውቅም ነበር።

አቶ ግርማ ብድግ አለ። «እኔ እንኳ ልሂድ፣ መኪናዬን የማይቆምበት ቦታ ነው ያቆምኳት።» ሄደ። ዓባይን ያህል ወንዝ ሲያከፋፍል ያረፈደ ሰው፣ አንዲት ባልዲ ሳይነካ!

ማንቆርቆሪያውን አየሁት፣ ባዶ። የስድስት ሰዓት መድኃኒታቸው በብዙ ውሃ ነው የሚዋጠው። ምን ይደረጋል... አራተኛ ፎቅ ወርጄ ሁለት የጁስ ጋሎን ሞልቼ ስምንቱን ፎቅ በደረጃ ወጣሁት። ነፍሴ ልትወጣ ምንም አልቀራት።

ብርጭቆ ሞልቼ ሰጠኋቸው። አልተቀበሉኝም።

«ከእኔ በላይ ማን አለ?»

«እ?»

«መጨረሻው ፎቅ ላይ ማን አለ?»

«አይሻ የምትባል አፍጋናዊት አለች። መንታ ወልዳ ገና ወሯ ነው። ይዋጡት እንጂ ጋሼ!»

«ደርሷታል?»

ጋሽ ወርቁን የማታውቁ... ሰውዬው ጎጃም እያሉ የውሃ አባት ነበሩ። ከአንድ ቦይ የሚያጠጣ ገበሬ ሁሉ ተራውን የሚቀበለው ከእሳቸው ነው። ውሃ ሲያንስ ደግሞ ማጠጣቱ የሚጀመረው ከቦዩ ጅራት፣ መጨረሻ ካለው ማሳ ነው።

«ቦዩ ራስ ላይ ያለው ውሃው በደጁ ያልፋል፣ አያመልጠውም» አሉኝ። «ጅራት ላይ ያለው ነው ጠብ የማይልለት። እዚህ አገር ደግሞ ጅራቱ ሰማይ ላይ ነው የበቀለው።»

«እርስዎ እኮ በሽተኛ ነዎት!»

«በሽተኛም በተራው ነው። የውሃ አባት ቀድሞ ከጠጣ ማን ይሰማዋል?»

ስልኬ ጮኸ። ሄለን ናት። «አልሚ፣ ውሃ ጠጡ?»

ምን ልበላት? «ተራ እየጠበቁ ነው» አልኳት።

አንዱን ጋሎን ላንሳ ስል «ሁለቱንም ውሰጂ፣ መንታ አይደል ያልሽኝ?» አሉ። እያጉረመረምኩ ሦስት ፎቅ ጨመርኩ። አይሻ አንዱን ልጅ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ከፈተችልኝ። ሌላው ውስጥ ያለቅሳል። የዱቄት ወተቱ ቆርቆሮ ተከፍቶ፣ ጡጦዎቹ ባዷቸውን ተሰልፈዋል። ጋሎኖቹን ስታይ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችው። እኔም ማጉረምረሜን ተውኩ።

ስመለስ የአሥራ አምስትን፣ የአሥራ አራትንና የአሥራ ሦስትን ፎቅ በሮች አንኳኳሁ። «አራተኛ ፎቅ፣ የእኔ ቤት ክፍት ነው፣ ባልዲ ይዛችሁ ውረዱ!» ወረዱ። ሻወር ቤቴ የቦይ ራስ ሆነ። አንዱ ወጣት አባወራ ለእኔም አንድ ጋሎን ሞልቶ ተሸክሞ እስከ ጋሽ ወርቁ በር አደረሰልኝ።

«ጋሼ፣ ላይ ያለው ሁሉ ደርሶታል። አሁን ተራው የእርስዎ ነው።»

መድኃኒቱን ዋጡ። ሁለት ብርጭቆ በላይ በላዩ ጨመሩበት። ስምንት ሰዓት ሆኗል... ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠብቀዋል!

«ታዲያ ግርማ ስለ ግድቡ ላለው ምን ይላሉ?» ብዬ ነካኳቸው።

«እኔ የማውቀው አንድ ቦይ ነው አልማዝ። ግርማ አንድ ባልዲም አያውቅ።»

እሑድ ዕለት፣ ውሃውም ኤሌቬተሩም ከመጡ በኋላ፣ አቶ ግርማ አንድ ካርቶን የታሸገ ውሃ ተሸክሞ መጣ። «ውሃው መጣ እንዴ?» አለ። ጋሽ ወርቁ «የትኛው? ዓባይ ነው?» አሉት።

ከሰዓት በኋላ የእኔ በር ተንኳኳ። አይሻ ናት፣ በዘቢብ የተሠራ ሩዝ በትልቅ ሳህን ይዛለች። ውሃውን ማን እንዳስላከላት ነግሬያት ነበርና፣ መጀመሪያ ለጋሽ ወርቁ ወስዳላቸው ነበር። ሳህኑን መለስ አድርገው፣ አራት ጣታቸውን አሳይተው፣ ወደ ታች ጠቆሟት። ከላይ ለሚመጣ ምግብ ጅራቱ እኔ ነኝ ለካ!

«አንክል ‹መጀመሪያ አንቺ ብዪ› ይላሉ» አለችኝ፣ ጋሼን አጎት ማለቷ ነው።

በልቼ ነበር። ግን እምቢ ብል እሳቸው አይቀምሱም... ቁጭ ብዬ ደገምኩ።